የብርቱካን ችግኜ ቢጫ ሆኖ ቅጠሉን አራገፈ፤ ልንቀለው ወይስ ልጠብቀው?

ጥያቄ፦ ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት የተዳቀለ የብርቱካን ችግኝ ገዝቼ በግቢዬ ተክዬ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ደህና አደገ፤ ከዚያ በኋላ ግን ቅጠሎቹ ቢጫ እየሆኑ መርገፍ ጀመሩ። በጫፍ ባሉት ቅጠሎች ላይ ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ ሆነው መካከሉ ይገረጣል። የቅርንጫፎቹ ጫፍም ከላይ ወደ ታች እየደረቀ ነው። ውኃ ጠምቶት ይሆናል በሚል በየምሽቱ አጠጣዋለሁ፤ ፍግ ከግንዱ ዙሪያ ከምሬለታለሁ፤ ዩሪያም ሁለት ጊዜ ሰጥቼዋለሁ። የሚገርመው ቅጠሉ አልቆ ሳለ አበባ አብቦ ጥቃቅን ፍሬ መያዙ ነው። ከግርጌው ደግሞ እሾሃም፣ ቅጠሉ ሦስት ሦስት የሆነ ብርቱ ቀንበጥ ወጥቷል። እኔ በማገገሙ ተደስቼ ነበር፤ ጎረቤቴ ግን “ይህ ብርቱካን አይደለም” አለችኝ። ነቅዬ ሌላ ልትከል ወይስ ተስፋ አለው?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ የመጨረሻውን ጥያቄዎን ላስቀድምና፣ ችግኙን ለጊዜው አይንቀሉት። ቅጠሉን ያራገፈ የብርቱካን ዛፍ የሞተ ቢመስልም በውስጡ ሕይወት መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ጥፍርዎ ይበቃል። ከደረቀው ጫፍ ጀምረው ወደ ታች እየወረዱ ቅርፊቱን በየስንዝሩ በስሱ ይፋቁት፤ ከላይኛው ስስ ሽፋን ሥር ያለው አረንጓዴና ርጥብ ከሆነ ያ ክፍል ሕያው ነው፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ግን ሞቷል። እዚህ ላይ የሚፈልጉት ነገር አረንጓዴው የሚጀምርበትን ቦታ ነው። ችግኙ ከተዳቀለበት መገጣጠሚያ በላይ፣ አንድ ስንዝር እንኳ ቢሆን፣ አረንጓዴ ግንድ ካገኙ የሚያድኑት ብርቱካን አለዎት ማለት ነው። መገጣጠሚያው ከግንዱ ግርጌ ጥቂት ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ ጉብ ወይም ጠመም ያለ፣ ብዙ ጊዜም የቅርፊቱ ቀለም ከላይና ከታች የሚለያይበት ቦታ ነው። ፈልገው ካጡት በአፈር ወይም በፍግ ተቀብሮ ሊሆን ስለሚችል ዙሪያውን በጥንቃቄ ይግለጡት፤ ስለዚህ ጉዳይ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሕክምናው ልምጣ። ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ነገሮችን እንዲያቆሙ እጠይቅዎታለሁ፤ የየምሽቱን ውኃ፣ ፍጉንና ዩሪያውን። ይህን ምክር መስማት እንደሚከብድዎ እገምታለሁ፤ የታመመን ተክል እያዩ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ግድየለሽነት ይመስላልና። ነገር ግን በጻፉልኝ ደብዳቤ ውስጥ ካሉት ምልክቶች ይልቅ ትኩረቴን የሳበው፣ ከምልክቶቹ በኋላ ያደረጉለት እንክብካቤ ነው። ዛፍዎ መጀመሪያ በምን እንደታመመ ባላውቅም፣ አሁን እንዳያገግም የያዘው ያልተቋረጠው እርጥበትና ከደካማ ሥር አቅም በላይ የሆነው ማዳበሪያ ሊሆን እንደሚችል በጣም እጠረጥራለሁ።

ምክንያቱን ላስረዳ። ሥር ውኃ ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል፤ በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያሉት ክፍተቶች ቀንና ሌሊት በውኃ ከተሞሉ ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ቀጫጭኖቹ መጋቢ ሥሮችም ይሞታሉ። የሎሚ፣ የብርቱካንና የመንደሪን ዘመዶች በዚህ ረገድ ከብዙ ፍራፍሬዎች ይልቅ ስስ ናቸው፤ አብዛኛው መጋቢ ሥራቸው የሚገኘው በላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ ሌሎች ተክሎች ውኃና ማዕድን የሚስቡባቸው ጥቃቅን የሥር ፀጉሮችም በእነርሱ ላይ ጥቂት ናቸው። መጋቢ ሥሩ የሞተበት ዛፍ በውኃ ተከቦ እየቆመ ይጠማል። ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ይገረጣል፣ ይረግፋል፤ ባለቤቱም ይህን ሲያይ ውኃ ይጨምራል። የጥማትና የውኃ ብዛት ምልክቶች ከላይ ሲታዩ እጅግ የሚመሳሰሉት በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ ቅጠልን ብቻ አይቶ ውኃ መጨመርም ሆነ መቀነስ አይገባም፤ ፍርዱ መሰጠት ያለበት ከአፈር ውስጥ ነው።

ስለዚህ ውኃ ካጠጡ ከአንድ ቀን በኋላ፣ ከግንዱ ሁለት ስንዝር ያህል ርቀው፣ በአንድ ወገን ብቻ በትንሽ መኮትኮቻ እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ድረስ ይቆፍሩ። አፈሩን ጨብጠው ይሽተቱት። በእጅዎ ሲጨብጡት ውኃ የሚያወጣ ወይም የረግረግ ሽታ ያለው ከሆነ ጥርጣሬዬ ትክክል ነው። ቀጥለው ጥቂት ቀጫጭን ሥሮች ያውጡ። ጤናማ ሥር ፈካ ያለ ቡናማ ወይም ወደ ቢጫ ያደላ፣ ሲጫኑት ጠንካራ፣ ጫፉም ነጣ ያለ ነው። የበሰበሰ ሥር ደግሞ የጠቆረና የለሰለሰ ሲሆን፣ በሁለት ጣት ይዘው ሲስቡት የላይኛው ልጣጭ እንደ ሽፋን ወልቆ ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። ይህ ሁኔታ ብዙውን ጊዜ የሚከሰተው ፋይቶፍቶራ በሚባል፣ በጨቀየ አፈር ውስጥ በሚራባ ፈንገስ መሰል ተሕዋስ ነው። በአንጻሩ አፈሩ ከላይ ርጥብ ሆኖ ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች እንደ ዱቄት ደርቆ ካገኙት ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ የየምሽቱ ውኃ ገጹን ብቻ እያራሰ ወደ ሥሩ አልደረሰም ማለት ነው። ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ እኔ ወደ መጀመሪያው ባደላም ቆፍሮ ማየቱን እርስዎ አይዝለሉት።

አፈሩ ረግረጋማ ከሆነ ቀጣዩ ጥያቄ ውኃው የሚሄድበት መንገድ አለው ወይ የሚለው ነው። ከችግኙ ጥቂት ሜትር ርቀው 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና ስፋት ያለው ጉድጓድ ይቆፍሩ፤ በውኃ ይሙሉትና ሙሉ በሙሉ እስኪሰርግ ይጠብቁ፤ ከዚያ እንደገና ይሙሉትና በየሰዓቱ ምን ያህል እንደወረደ ይለኩ። በሰዓት ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከወረደ ቦታው ለብርቱካን አይመችም። ብዙ ሰዎች እንዲህ ያለ ሸክላማ አፈር ሲገጥማቸው ጉድጓዱን በብስባሽና በአሸዋ ሞልተው፣ ከታቹም ጠጠር ደልድለው ይተክላሉ፤ ዙሪያው ግን ውኃ የማያሳልፍ ስለሆነ እንዲህ ያለው ጉድጓድ ከታቹ እንዳልተበሳ ባልዲ ይሆናል። ከዚህም ሌላ ብስባሹ እየፈረሰ ሲሄድ ችግኙ አብሮ ይሰምጥና መገጣጠሚያው አፈር ውስጥ ይገባል።

የመስረጊያው ፍተሻ መጥፎ ውጤት ካሳየ፣ ችግኙ ገና ትንሽ ስለሆነ፣ ከፍ ወዳለ መደብ ማዛወር ይቻላል። ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታና ቢያንስ አንድ ሜትር ስፋት ያለው የአፈር ጉብታ በዚያው አካባቢ በሚገኝ የላይኛው አፈር ይሥሩ፤ ችግኙን በዙሪያው ካለው አፈር ጋር ሳይበትኑ አንሥተው በጉብታው ላይ ያኑሩት፤ መገጣጠሚያው ከአፈሩ ገጽ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እንዲቀር ያድርጉ። ሲያነሡት ሥሩ በማሰሮው ወይም በፕላስቲኩ ቅርጽ ልክ ተጠምጥሞ ካገኙት፣ የተጠመጠሙትን በጥንቃቄ ያላቅቁ፤ የማይላቀቁትን በስለት በጥቂት ቦታ ይቁረጡ፤ ካልሆነ ዓመታት ቢያልፉም ወደ ዙሪያው አፈር አይዘልቁም። ይህን ሁሉ የምመክረው ግን መስረጊያው በእርግጥ መጥፎ ሲሆን ብቻ ነው። የታመመን ዛፍ ማንሣት በራሱ ጉዳት ነው፤ ፍተሻው ደህና ከሆነ ችግኙን ባለበት ይተዉትና የውኃ አሰጣጡን ብቻ ያስተካክሉ። ማንሣቱም ግድ ከሆነ ኃይለኛ ሙቀትም ብርቱ ቅዝቃዜም በሌለበት ወቅት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን።

ወደ ውኃ አሰጣጡ ስንመለስ፣ የቀን መቁጠሪያ የሚያዝዘው ውኃ ለብርቱካን አይስማማም። ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ፤ ያ ልክ ሲደርቅ ያጠጡ፤ ርጥብ ከሆነ ያልፉት። ሲያጠጡም በዝግታና በጥልቀት ይሁን፤ ለእርስዎ ችግኝ በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሊትር መነሻ ሊሆን ይችላል። አሸዋማ አፈር ላይ በሞቃት ወቅት ይህ በየሦስትና አራት ቀኑ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሸክላማ አፈር ላይ ግን ሳምንትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ቅጠሉን ያራገፈ ዛፍ ደግሞ በቅጠሉ የሚያተነው ነገር ስለሌለው ከጤነኛው እጅግ ያነሰ ውኃ እንደሚጠጣ ያስታውሱ፤ ዛፉ ሲታመም የውኃው መጠን መቀነስ ያለበት እንጂ መጨመር ያለበት አይደለም። ውኃውን ግንዱ ላይ አያፍስሱ፤ ከግንዱ ስንዝር ያህል ርቀው ጀምረው ቅርንጫፎቹ እስከሚደርሱበትና ጥቂት አልፎም እስካለው ድረስ ክብ አድርገው ያጠጡ። አንድ ሌላ ነገርም አለ። ችግኝ ከችግኝ ጣቢያ ይዞት የሚመጣው ቀላል አፈርና የግቢው ከባድ አፈር ውኃ የሚይዙት በተለያየ መንገድ ስለሆነ፣ በተተከለ በመጀመሪያው ዓመት ዙሪያው ጨቅይቶ መካከሉ የደረቀበት ወይም የዚህ ተቃራኒ የሆነበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ጣትዎን በሁለቱም ቦታ ማስገባት ይኖርብዎታል።

ፍጉን ከግንዱ ዙሪያ ሙሉ በሙሉ ያንሡት። ያልበሰለ ፍግ ጨው ያለበት ከመሆኑም በላይ ከቅርፊቱ ጋር ተጣብቆ ሲቀመጥ ግንዱን ሁልጊዜ ርጥብ ያደርገዋል፤ ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ፋይቶፍቶራም ወደ ግንድ የሚገባው በዚህ አጋጣሚ ነው። ፍጉን ካነሡ በኋላ ከመሬት እስከ መገጣጠሚያውና ከዚያ በላይ ያለውን ቅርፊት በብርሃን ይመልከቱ። የተሰነጠቀ፣ የጠቆረ፣ ወይም ሙጫ የሚያነባ ቦታ ካለ አፈሩን ከዚያ አርቀው ነፋስ እንዲያገኘው ክፍት አድርገው ይተዉት። ቁስሉ የግንዱን ግማሽ ዙር ካልበለጠ ዛፉ የመዳን ዕድል አለው፤ ግንዱን ሙሉ በሙሉ ከዞረው ግን የላይኛው ክፍል አይተርፍም። ግንዱ ከተጋለጠና ከደረቀ በኋላ ከአንድ ስንዝር ርቀት ጀምሮ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የደረቀ ሣር ወይም ቅጠል ጉዝጓዝ ማልበስ ጥሩ ነው፤ መጋቢ ሥሮቹ ለገጽ ቅርብ ስለሆኑ ጉዝጓዙ ከሙቀት ይጠብቃቸዋል፤ ሣርና አረምም እንዳይሻሟቸው ያደርጋል። አፈሩ አሁንም የጨቀየ ከሆነ ግን ጉዝጓዙን ለጥቂት ሳምንታት ያዘግዩት።

ከግርጌው ስለወጣው ቀንበጥ ጎረቤትዎ ትክክል ናቸው። ብርቱካንዎ ሁለት ተክሎች ተጋጥመው የተሠራ ነው፤ ከላይ ፍሬውን የሚፈልጉት ዝርያ፣ ከታች ደግሞ ሥር እንዲሆን የተመረጠ ሌላ ዘመዱ። ቅጠሉ ሦስት ሦስት መሆኑ የታችኛው ተክል ባለ ሦስት ቅጠሉ ብርቱካን ወይም ከእርሱና ከጣፋጭ ብርቱካን የተወለዱት እንደ ካሪዞና ትሮየር ያሉ ድቅሎች አንዱ መሆኑን ያመለክታል። ይህን ቀንበጥ ቢተዉት ምግቡን እየሳበ የላይኛውን ብርቱካን ያደክመዋል፤ ፍሬ ቢያፈራም መራራና ዘር የበዛበት ይሆናል። ገና ለስላሳ ከሆነ ከበቀለበት ሥር ይዘው ወደ ታች ይገንጥሉት፤ በመቀስ ሲቆረጥ ግርጌው ላይ የቀሩት ቡቃያዎች መልሰው ስለሚያወጡት መገንጠሉ የተሻለ ነው። ከጠነከረ ግን በተሳለና በአልኮል በተጠረገ መቀስ ግንዱን አስጠግተው ይቁረጡት።

ይሁንና ይህ ቀንበጥ ሁለት ጠቃሚ ወሬ ይዞልን መጥቷል። አንደኛው፣ ይህን ያህል ብርታት ያለው ቀንበጥ ማብቀል የቻለ ሥር ሙሉ በሙሉ አልሞተም። ሁለተኛው ደግሞ ስለ ቅጠሉ ቀለም የሚነግረን ነገር ነው። ባለ ሦስት ቅጠሉና ድቅሎቹ ቅዝቃዜንና የሥር ብስበሳን ከሌሎች በተሻለ ይቋቋማሉ፤ ኖራ የበዛበት አፈር ላይ ግን ብረት ከአፈሩ መውሰድ ያቅታቸዋል። በጫፍ ባሉት ቅጠሎች ላይ ያዩት፣ ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መካከሉ የሚገረጣው መልክ ደግሞ የብረት እጥረት ዋና ምልክት ነው። ስለዚህ ደረቅ አፈር ጥቂት ወስደው ኮምጣጤ ያፍስሱበት፤ ከተንጫጫና አረፋ ካወጣ አፈርዎ ኖራ አለበት። ፒኤች (የአፈር አሲዳማነት) መለኪያ ካገኙ ደግሞ ለብርቱካን የሚስማማው ከ6 እስከ 7 ባለው መካከል ነው።

ነገር ግን ብረት ለመግዛት አይቸኩሉ። የጨቀየ ወይም የቀዘቀዘ አፈር ውስጥ ያለ ሥር፣ አፈሩ በብረት የተሞላ ቢሆን እንኳ፣ በሚገባ አይወስደውም፤ በዚህ ምክንያት የመጣ መገርጣት አፈሩ አየር ሲያገኝ በአዲሶቹ ቅጠሎች ላይ በራሱ ይጠፋል። በኮምጣጤው ፍተሻ ኖራ ከታየና አዲስ የሚወጡት ቅጠሎችም ገርጥተው ከቀጠሉ ያኔ ኪሌት የተባለውን የብረት ውሕድ ይጠቀሙ። ሲገዙም በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ይመልከቱ፤ ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. የሚለው ዓይነት ኖራ ባለበት አፈር ውስጥ ቶሎ ስለሚበተን አይጠቅምዎትም፤ ኢ.ዲ.ዲ.ኤች.ኤ. የሚለው ግን ይጸናል። የዛገ ምስማር መቅበር፣ ምንም እንኳ ብዙዎች የሚመክሩት ቢሆን፣ ኖራማ አፈር ላይ ፋይዳ የለውም፤ የጎደለው ብረት ሳይሆን በሥር ሊወሰድ የሚችል ብረት ነውና።

የቅጠል ቀለም ለማንበብ መጀመሪያ የሚጠየቀው የገረጣው አሮጌው ነው ወይስ አዲሱ ቅጠል የሚለው ነው። ናይትሮጂን ሲያንስ አሮጌዎቹ ቅጠሎች ጅማታቸውም ሳይለይ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ይሆናሉ፤ ተክሉ ናይትሮጂኑን ከአሮጌው አውጥቶ ለአዲሱ ይሰጣልና። ማግኒዥየም ሲያንስም የሚጎዱት አሮጌዎቹ ናቸው፤ ቢጫው ከዳርና ከጫፍ ጀምሮ ሲገባ በቅጠሉ ግርጌ ባለ ሦስት ማዕዘን አረንጓዴ ይቀራል። ብረት፣ ዚንክና ማንጋኒዝ ግን በተክሉ ውስጥ በቀላሉ የማይዘዋወሩ ስለሆኑ እጥረታቸው በአዲሶቹ ቅጠሎች ላይ ይታያል። ዚንክ ሲያንስ ቅጠሉ ከመገርጣቱ ሌላ ጠባብና ትንሽ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ በቅጠሎቹ መካከል ያለው ርቀትም ያጥራል፤ ማንጋኒዝ ሲያንስ ግን መጠኑ አይቀንስም። ሁለቱም የሚሰጡት አዲሶቹ ቅጠሎች የሙሉ መጠናቸውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ሲደርሱ በውኃ በጥብጦ ቅጠሉ ላይ በመርጨት ነው። እነዚህ ሁሉ ምልክቶች በቅጠሉ መካከለኛ ጅማት ግራና ቀኝ ተመጣጣኝ ሆነው መታየታቸውን ልብ ይበሉ። ቢጫው በአንዱ ወገን በዝቶ በሌላው አንሶ፣ ያለ ሥርዓት ተዥጎርጉሮ ካዩ ግን ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ሲሊድ በሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳት የሚተላለፈውና ፈውስ ያልተገኘለት ግሪኒንግ የተባለው የባክቴሪያ በሽታ የሚታወቀው በዚህ መልክ ነው። በደብዳቤዎ የገለጹት ይህን አይመስልም፤ ቢመስልዎት ግን ችግኙን ወደ ሌላ ቦታ ሳያንቀሳቅሱ በአቅራቢያዎ ላለ የግብርና ባለሙያ ያሳዩት።

ዩሪያን በተመለከተ፣ የሚመለሱበት ጊዜ ይመጣል፤ ከመገጣጠሚያው በላይ አዲስ ቀንበጥ ወጥቶ ቅጠሎቹ ሲጠነክሩ። ከዚያ በፊት የሚሰጥ ማዳበሪያ የሚወስደው ሥር ስለሌለ በአፈሩ ውስጥ እንደ ጨው ተከማችቶ የቀሩትን ሥሮች ያቃጥላል። በቅጠል ጫፎች ላይ ቡናማ ቃጠሎ ካዩና መስረጊያው ደህና ከሆነ፣ የተከማቸውን ለማጠብ አንድ ጊዜ ብቻ በብዛት ያጠጡና ከዚያ አፈሩ እስኪደርቅ ይጠብቁ። ለወጣት ዛፍ በመጀመሪያው ዓመት በጠቅላላው ወደ 45 ግራም ናይትሮጂን ይበቃዋል፤ ዩሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጂን 46 በመቶ ስለሆነ ይህ ከ100 ግራም ዩሪያ አይበልጥም። ያም ቢሆን በአንድ ጊዜ የሚጣል ሳይሆን በእድገቱ ወራት አራት ወይም ከዚያ በላይ ተከፋፍሎ፣ ከግንዱ ርቆ ተበትኖ፣ ውኃ ተከትሎት የሚሰጥ ነው። ለሚያገግም ዛፍ በዚህ ግማሽ ቢጀምሩ እመርጣለሁ።

ፍሬዎቹን ዛሬውኑ ያውርዷቸው፤ የቀረ አበባ ካለም እንደዚሁ። ቅጠል የሌለው ዛፍ ማበቡ ያስገረመዎት ቢሆንም በብርቱካን ዘሮች ዘንድ የተለመደ ነው፤ የውኃ እጥረትና ቅዝቃዜ አበባ እንዲያወጡ ይገፋፏቸዋል፣ ሥሩ የበሰበሰበት ዛፍም ውኃ እንዳጣ ዛፍ ነው። ችግኙ የቀረውን ስንቅ ፍሬ ላይ ካዋለ ለቅጠልና ለሥር አይተርፈውም። ጤናማ ቢሆን እንኳ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ፍሬውን ማውረድ ይመከራል።

የደረቁትን ቅርንጫፎች ግን ለመቁረጥ አይቸኩሉ። መድረቁ የት እንደሚቆም ዛፉ ራሱ አዲስ ቀንበጥ አውጥቶ እስኪያሳይ ድረስ መቀሱ ይቀመጥ፤ ዛሬ የሚቆርጡት ነገ ቡቃያ የሚያወጣ ሊሆን ይችላል። አዲሱ ቀንበጥ ሲታይ ከእርሱ ጥቂት ከፍ ብለው ሕያው እንጨት ላይ ይቁረጡ። እስከዚያው ድረስ ቅጠል የነበረው ጥላ ስለተገፈፈ ቅርፊቱ በፀሐይ ሊቃጠል ይችላልና፣ በውኃ የሚበጠበጥ ነጭ የግድግዳ ቀለም በእኩል መጠን ውኃ አቅጥነው ግንዱንና ዋና ቅርንጫፎቹን ይቀቡት። ቀለሙ በዘይት የሚበጠበጠው ዓይነት እንዳይሆን ይጠንቀቁ።

ተባይን በሚመለከት ብዙ አልልም፤ ከጻፉት ውስጥ ወደዚያ የሚያመለክት የለም። አዲሱ ለምለም ሲወጣ በቅጠሉ ላይ ብርማ ጠማማ መስመር ቢያዩ ቅጠል ሰርሳሪ ነው፤ መልኩን ያበላሻል እንጂ ዛፉን አይገድልም፤ ቅጠሎቹንም አይቁረጧቸው፤ ያለችውን ቅጠል ሁሉ ዛፉ ይፈልጋታል። ጉንዳኖች በግንዱ ላይ ሲመላለሱ ካዩ ክሽክሽ ወይም ቅርፊት ለበስ ተባይ አለና የቅጠሉን ጀርባ በለስላሳ ሳሙና ውኃ ይጥረጉ፤ የጉንዳኖቹንም መንገድ ይዝጉ። በደከመና በተጠማ ዛፍ ላይ ወይም በኃይለኛ ፀሐይ ዘይት ነክ መድኃኒት መርጨት ግን ከተባዩ የባሰ ጉዳት ያስከትላል።

ምን ያህል ይጠብቁ ለሚለው፣ ብርቱካን የሚያድገው ዓመቱን ሙሉ ሳይሆን በየተራ በሚመጡ የለምለም ወቅቶች ነው፤ የአየሩ ሙቀት ከ13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድም እድገቱ ይቆማል። በዚያ ላይ አፈሩ ሲስተካከል መጀመሪያ የሚታደሰው የማይታየው ሥር ነው። ስለዚህ በሞቃቱ ወቅት ከስድስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ያለ አንዳች የሚታይ ለውጥ ሊያልፍ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ደብዳቤዎን ያስጻፈዎት ጭንቀት ተመልሶ ባልዲውን እንዳያስነሣዎት አደራ። ያረጁትም ቢጫ ቅጠሎች አረንጓዴ ይሆናሉ ብለው አይጠብቁ፤ ቢረግፉም አይደንግጡ። መሻሻሉን የሚመዝኑት በሚቀጥለው ለምለም ቀለምና መጠን ነው።

በየሁለት ሳምንቱ የጥፍሩን ፍተሻ ይድገሙ። አረንጓዴው ባለበት ከቆየ ወይም ከወጣ ትዕግሥትዎን ይቀጥሉ። እየወረደ መጥቶ ከመገጣጠሚያው በታች ከደረሰ ግን፣ ከሥሩ የሚወጣው ሁሉ ባለ ሦስት ቅጠሉ ብቻ ስለሚሆን፣ ያኔ መንቀሉ ተገቢ ነው። ሌላ ሲተክሉ ያንኑ ጉድጓድ አይጠቀሙ፤ የሥር ብስበሳው በአፈሩ ውስጥ ይቆያልና ጥቂት ሜትር ርቀው፣ ከፍ ባለ መደብ ላይ ይትከሉ። በኮምጣጤው ፍተሻ አፈሩ አረፋ አውጥቶ ከነበረ ደግሞ ችግኙን ሲገዙ ሥር የሆነው ተክል ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቀው፣ ባለ ሦስት ቅጠሉ ካልሆነው ይምረጡ።